ወጣቱን አጥቂ በግቦቹ ብዛት ብቻ መመዘን ይቻላልን?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው አንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል። ሁሉም የሚጠይቁት የአንድ ወጣት የአይስ ሆኪ አጥቂ ግብ የማግባት ችሎታ በምን እንደሚመዘን ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚያነሳ መልሱም ከሌሎቹ ይረዝማል።

ጥያቄ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፦ የ16 ዓመት ልጄ በዕድሜ ክልሉ በሚካሄድ ሊግ ውስጥ በአጥቂነት ይጫወታል። ዘንድሮ በ40 ጨዋታ 31 ግብ አስቆጥሮ የቡድኑ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨርሷል። የተወለደው በጃንዋሪ ወር ሲሆን በቁመትም ሆነ በጉልበት ከእኩዮቹ ይበልጣል። ሁለት ጨዋታዎቹን የተመለከተ አንድ ተጫዋች መልማይ ግን «ግቦቹን አይቻለሁ፤ አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ማግባቱን ይቀጥላል ለማለት ግን ይቸግረኛል» አለኝ። እኔ እያንዳንዱን ግብ በማስታወሻ እይዛለሁ። 31ዱን ያገባው በ155 ምት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ ተጋጣሚው በቅጣት ሰው በጎደለበት ጊዜ፣ 3ቱ ደግሞ ግብ ጠባቂው ወጥቶ ባዶ በቀረ ግብ ላይ የተቆጠሩ ናቸው። ከቀሩት 18 ውስጥ 11ዱ በሊጉ ግርጌ ባሉ ሁለት ቡድኖች ላይ በ8 ጨዋታ የተገኙ ናቸው። ለመሆኑ ግብ ያገባ ግብ አግቢ ካልተባለ ሌላ ምን መለኪያ አለ?

አንድ አባት

መልስ

ማስታወሻ መያዝዎ መልሱን በእጅጉ ያቀልልናል፤ መልማዩን ያሳሰበው ነገር እዚያው እርስዎ በጻፉት ቁጥር ውስጥ ይገኛልና። መልማይ አንድን ወጣት ሲመለከት በአእምሮው የሚያመላልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህች ግብ ተከላካዩ አሁን ካለው ይልቅ ፈጣን፣ ግብ ጠባቂውም የተሻለ ቢሆን ኖሮ ትገባ ነበር ወይ? ያለፈው ዓመት የግብ ብዛት የሚጠቅመው ይህን ጥያቄ ለመመለስ እስከረዳ ድረስ ነው፤ ስለዚህም 31ዱን ግብ በየዓይነቱ መለየት ያስፈልጋል።

በባዶ ግብ ላይ የተቆጠሩትን ሦስቱን ወደ ጎን እናድርጋቸው። አሰልጣኙ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ልጅዎን አምኖ ሜዳ ላይ እንደሚያቆየው ስለሚያሳዩ ዋጋ ቢስ አይደሉም፤ ስለ አጨራረስ ችሎታው ግን የሚነግሩን ነገር የለም። ስለዚህ የምንመዝነው በ152 ምት የተገኙ 28 ግቦችን ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 18 ያህል ነው።

በቁጥር ብልጫ ጊዜ የተገኙትን 10 ግቦች አንዳንድ ሰዎች እንደ ርካሽ ግብ ይቆጥሯቸዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አሌክሳንደር ኦቬችኪን በሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ በኤንኤችኤል የዌይን ግሬትስኪን የ894 ግብ ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. አፕሪል 6 ቀን 2025 የሰበረባት 895ኛዋ ግብ በቁጥር ብልጫ ጊዜ የተቆጠረች ነበረች፤ የተመታችውም እርሱ ለሃያ ዓመት ያህል ከቆመበት፣ ተጋጣሚዎቹም ሁሉ አስቀድመው ከሚያውቁት፣ በረዶው ላይ ከተሰመረው ከግራው ክበብ ነው። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት ልጅዎ በእነዚያ 10 ግቦች ውስጥ ምን እንደሠራ ነው። ከጎን የተሻገረለትን ፓክ (በኳስ ፋንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) በአንድ ንክኪ መትቶ ካገባ፣ ወይም ተከላካዮቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ወደ ግቡ ፊት ተንሸራቶ የተመቻቸለትን ካስቆጠረ፣ ያ ችሎታ ወደ ላይኛው ደረጃ አብሮት ይሄዳል። ማንም ሳይጠጋው ቆም ብሎና አነጣጥሮ ከሩቅ የመታው ከሆነ ግን ከፍ ባለው ሊግ ያ ጊዜ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ቁጥሮቹን እንዳሰፈሩልን ከሆነ ልጅዎ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሰው ይዘው ሲጫወቱ በደካሞቹ ቡድኖች ላይ በ8 ጨዋታ 11፣ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ደግሞ በ32 ጨዋታ 7 ግብ ብቻ አግብቷል። ማንኛውም አጥቂ በደካማ ተጋጣሚ ላይ የበለጠ ያገባል፤ ይህ የሚያስነውር አይደለም። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ግን መልማዩ ከሊጉ በላይ ያለውን ደረጃ የሚገምተው በ7ቱ ግብ እንጂ በ11ዱ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ማስታወሻዎ ያልያዘው አንድ ወሳኝ ነገር አለ፤ እርሱም በእነዚያ 32 ጨዋታዎች ልጅዎ ስንት ጥሩ የግብ ዕድል አግኝቶ ስንቱን እንዳመከነ ነው። ብዙ ዕድል አግኝቶ ካመከነ አጨራረሱ ሊሻሻል ይችላል፤ ወይም ዓመቱ ዕድል የጎደለው ሆኖበት ሊሆን ይችላል። ዕድሉን ጭራሽ ካላገኘ ግን በእኔ አስተያየት ይህ የበለጠ የሚያሳስብ ነው፤ በጠንካራ ተከላካዮች መካከል ክፍተት ማግኘትን ማስተማር የመምታት ስልትን ከማረም ይከብዳልና።

ከመቶ 18 የሚለውንም ቁጥር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በኤንኤችኤል በቅርብ ዓመታት ግብ ላይ ከሚያርፉ አሥር ምቶች ውስጥ መረብ የሚያገኘው አንድ ያህሉ ነው። ግሬትስኪ እ.ኤ.አ. በ1981–82 የውድድር ዘመን 92 ግብ ሲያገባ 369 ምት መትቶ ከመቶ 25 ያህሉን አስቆጥሯል፤ ይህ ግን ግሬትስኪ ነው፤ ዘመኑም ግብ የሚበዛበት ነበር። በወጣቶች ሊግ ከመቶ 18 የሚያገባ ልጅ የግብ ጠባቂዎቹንም ድክመት አብሮ እየቆጠረ መሆኑ አይቀርም። በዚህ ላይ ዕድል የሚጫወተውን ሚና ብዙ ወላጅ አቅልሎ ያየዋል። እውነተኛ ችሎታው ከመቶ 10 የሆነ ተጫዋች 100 ምት ቢመታ 10 ግብ እንዲያገባ ይጠበቃል፤ ሆኖም ችሎታው ቅንጣት ሳይለወጥ በአንዱ ዓመት 5፣ በሌላው 15 ቢያገባ የሂሳብ ሕግ የሚፈቅደው ልዩነት ነው። ስለዚህ የልጅዎ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ዝቅ ቢል ልጁ ደከመ ብለው አይደምድሙ፤ ከፍ ቢልም እንዲሁ።

የተወለደበትን ወርና ቁመናውን መጥቀስዎ ተገቢ ነው፤ መልማዩም ይህን ሳያሰላ አይቀርም። የዕድሜ ክልሉ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሚቆጠር ከሆነ ልጅዎ በዲሴምበር ከተወለደ የሊግ ባልደረባው አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ባልቀረው ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። የካናዳው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮጀር ባርንስሊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናት በምርጥ ወጣት ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ አሳይቷል፤ ምክንያቱም በልጅነት የጥቂት ወራት ብልጫ በአሰልጣኝ ዓይን ተሰጥኦ መስሎ ይታያል። ከዚያም ያ ልጅ የተሻለ ቡድን፣ የተሻለ አሰልጣኝና የበለጠ የመጫወቻ ጊዜ ያገኛል። ይህ ልጅዎን ዝቅ የሚያደርገው አይደለም፤ በጉልበቱ የሚያገባውን በብልሃቱ ከሚያገባው መለየት እንደሚያስፈልግ የሚያመለክት እንጂ።

ልዩነቱ በሜዳ ላይ በግልጽ ይታያል። ግቡ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ አለው። ሰውነቱ ገና ያልጠነከረ ወጣት ግብ ጠባቂ ወደ ፊት ወጥቶ አቅጣጫውን መዝጋት ካልለመደ ከትከሻው በላይ ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ጉልበተኛ አጥቂም ከሩቅ መትቶ እዚያ ያሳርፋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ፓክ 9 ሜትሩን ለመጨረስ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ይበቃዋል። ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ቢመስልም፣ በቦታው በትክክል የቆመና ፓኩ ከስቲኩ (ከመምቻው ዱላ) ሲወጣ ያየ ጥሩ ግብ ጠባቂ አብዛኛውን ጊዜ ይይዘዋል። እንዲህ ያለውን ግብ ጠባቂ የሚያሸንፈው ፓኩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ተሻግሮ ግብ ጠባቂው ገና እየተንሸራተተ ሳለ የሚመታ፣ በተከላካይ እግር መካከል ተሸፍኖ የሚወጣ፣ ከግቡ አጠገብ ተጨርፎ አቅጣጫውን የሚቀይር፣ ወይም ግብ ጠባቂው የተፋውን ፓክ ፈጥኖ የሚያስቆጥር አጥቂ ነው። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ ከየግቡ ጎን ርቀቱንና እንዴት እንደመጣ ቢጨምሩ ከቁጥሩ ይልቅ እርሱ ብዙ ይናገራል።

የአመታቱን ጥራት በተመለከተ አብዛኛው ተመልካች የሚያደንቀው ኃይሉን ነው፤ ባለሙያው ግን ምቱ መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁን ያደንቃል። ካናዳዊው አጥቂ ኮነር ቤዳርድ በወጣትነቱ ስሙን ያገነነው ሊመታ ሲል ፓኩን ወደ ሰውነቱ ሳብ አድርጎ በመልቀቁ ነው። በዚያች ቅጽበት ምቱ የሚነሳበት ነጥብ ስለሚቀየር ግብ ጠባቂው የዘጋው አቅጣጫ ክፍት ይሆንበታል፤ የተከላካዩም ስቲክ ባዶ ቦታ ይመታል። ልጅዎ ለመምታት ቆም ይላል ወይስ እየተንሸራተተ ይመታል? በሁለቱም እግር ላይ ክብደቱን አድርጎ መምታት ይችላል ወይስ እግሩን እስኪያስተካክል ይጠብቃል? ራሱን ቀና አድርጎ ግቡን ያያል ወይስ ዓይኑ ፓኩ ላይ ተተክሎ ይቀራል? በ16 ዓመት ዕድሜ እነዚህ ሁሉ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው፤ መልማዩ ግን በሁለት ጨዋታ ካላያቸው እንዳሉ አድርጎ ሊጽፍ አይችልም።

ቤዳርድን ካነሳን አይቀር፣ እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022–23 በወጣቶች ሊግ በ57 ጨዋታ 71 ግብ አግብቶ በሚቀጥለው ዓመት በኤንኤችኤል ያስቆጠረው በ68 ጨዋታ 22 ነበር፤ በዚያም የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። የግብ ቁጥር ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲሻገር የሚቀንሰው በምርጦቹም ላይ ነው። በአንጻሩ አሜሪካዊው አጥቂ አውስተን ማቲውስ ገና በ18 ዓመቱ በስዊዘርላንድ ሊግ ከአዋቂዎች ጋር ተጫውቶ በ36 ጨዋታ 24 ግብ ሲያገባ፣ መልማዮች ቁጥሩን ሳይጠራጠሩ የተቀበሉት ተከላካዮቹም ግብ ጠባቂዎቹም ሙሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ልጅዎ ከእርሱ በዕድሜ ከሚበልጡ ጋር በውድድርም ሆነ በልምምድ የሚጫወትበት አጋጣሚ ካለ፣ እዚያ የሚያሳየው ነገር ከ31ዱ ግብ በላይ ክብደት ይኖረዋል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ፓክ ሳይዝ የሚያደርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984ቱ የኤንኤችኤል የተጫዋቾች ምርጫ፣ ማለትም ቡድኖቹ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ አጥቂዎቹ ብሬት ኸል 117ኛ፣ ሉክ ሮቢታይ ደግሞ 171ኛ ሆነው ተመረጡ። ስለ ሮቢታይ ይነገር የነበረው ፍጥነት የለውም የሚል ነው፤ ሆኖም 668 ግብ አግብቶ ጨረሰ። ኸል በ1990–91 ብቻ 86፣ በጠቅላላው 741 አስቆጠረ። ሁለቱም ክፍተቱ ከመታየቱ በፊት የሚገኝበትን ቦታ የማወቅ ችሎታ ነበራቸው። ኸል ተከላካዮች እስኪረሱት ድረስ ራሱን ያርቅና ፓኩ ሲደርስ ብቻውን ሆኖ ይገኛል። ይህን የመሰለ ችሎታ በግብ ሰንጠረዥ ላይ በቀጥታ ስለማይነበብ መልማዮችም ሲያልፋቸው ኖሯል።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ጥቂት ጨዋታዎች አንድ ነገር ይሞክሩ። ልጅዎ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ ፓኩን ተዉትና እርሱን ብቻ ይመልከቱ። ቡድኑ ፓኩን ይዞ ሲያጠቃ ስቲኩ በረዶው ላይ ዝግጁ ሆኖ ይቀመጣል? ከግቡ ፊት ለፊት ወዳለው ክልል ዱላና ትከሻ እያለበትም ቢሆን ይገባል ወይስ ዳር ዳሩን ይዞራል? ከመታ በኋላ ወደ ግቡ ይቀጥላል ወይስ ዞር ብሎ ሜዳውን ወደሚከብበው ግድግዳ ያመራል? ይህን በጠንካሮቹ ቡድኖች ላይ ያድርጉት። መልማዩን እንደገና የሚያገኙት ከሆነም «31 ግብ አግብቶ የለም ወይ» ከማለት ይልቅ ያላየው ነገር የትኛው እንደሆነ ቢጠይቁት ቀጥተኛ መልስ የሚያገኙ ይመስለኛል።

ጥያቄ

በወጣቶች ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። አጥቂዎቻችንን ለመመዘን በግቡ አራት ማዕዘኖች ላይ ዒላማ ሰቅለን እያንዳንዱ 20 ጊዜ እንዲመታ እናደርጋለን፤ የምቱንም ፍጥነት በራዳር እንለካለን። በፈተናው አንደኛ የወጣው ልጅ ግን በጨዋታ ላይ ከቡድኑ አምስተኛ ግብ አግቢ ነው። ፈተናችን ምን ጎድሎታል?

ረዳት አሰልጣኝ

መልስ

የጎደለው ጊዜ፣ እንቅስቃሴና ተቃዋሚ ነው፤ በጨዋታ ደግሞ ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሚቆጠር ግብ የለም ለማለት ይቻላል። ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዒላማውን አይቶ የሚመታ ልጅ የሚያሳያችሁ የእጁን ትክክለኛነት ብቻ ነው። ይህ ዋጋ አለው፤ ቢሆንም በጨዋታ ላይ ሊጠቀምበት የሚችለው ያንን ያህል ጊዜ ሲያገኝ ነው። ራዳሩም እንዲሁ ነው፤ በራዳር ከፍተኛውን ቁጥር የሚያስመዘግበው ስቲክ ወደ ኋላ በሰፊው ተነሥቶ የሚመታው ስላፕ ሾት ሲሆን፣ አጥቂ ግን ከግቡ ፊት ለፊት ስቲኩን እስከዚያ ድረስ የሚያነሳበት ፋታ የለውም። አብዛኛውን የሚጠቀምበት በእጅ አንጓ ኃይል የሚለቀቀውን ፈጣን ምት ነው።

ፈተናውን እንዲህ ብትለውጡት መልካም ይመስለኛል። አቀባዩ ከሜዳው ተቃራኒ ጎን ይቁምና ፓኩን አሻግሮ ይላክ፤ ግብ ጠባቂውም ከአቀባዩ ጎን ተነሥቶ ወደ መቺው ይንሸራተት። አጥቂው እየተንቀሳቀሰ ይቀበል፤ ከኋላውም አንድ ተከላካይ በስቲክ ርቀት ያሳድደው። አንዳንዱ ቅብብል ሆን ተብሎ የተበላሸ፣ ወደ እግሩ የሚመጣ ወይም የሚዘል ይሁን፤ በጨዋታ ላይ ጥሩ ሆኖ የሚደርስ ፓክ ጥቂት ነውና። ይህን በስልክ ቅረጹትና ፓኩ ስቲኩን ከነካበት እስከ ለቀቀበት ያሉትን ምስሎች ቁጠሩ። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል የሚይዝ ከሆነ 12 ምስል ማለት ከሰከንድ አራት አሥረኛ መሆኑ ነው። ሁለት ልጆች እኩል ቢያገቡም አንዱ በ8፣ ሌላው በ18 ምስል የሚለቅ ከሆነ ከፍ ባለው ደረጃ እኩል አይሆኑም። በስቲኩ ጀርባ የሚመታውንም ለየብቻ መዝግቡ፤ ብዙ ወጣቶች ይህን ሙሉ በሙሉ ትተውት ይገኛል። የሳተውንም እንዲሁ ለዩት። ከግቡ ውጭ የወጣው ምት አብዛኛውን ጊዜ የጥድፊያ ውጤት ሲሆን፣ የግብ ጠባቂውን ደረት ደጋግሞ የሚመታ ልጅ ግን ግቡን ሳያይ የሚመታ ነው።

ፈተናውን በልምምዱ መጀመሪያ ሳይሆን እግር ሲደክም አድርጉት። አምስተኛ የሆነው ልጅ ግን በአዲሱ ፈተናም አንደኛ ቢወጣ ችግሩ ከመምታቱ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከጨዋታ በቀር ፈተና አይገኝለትም።

ጥያቄ

የ15 ዓመት አጥቂ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከአሥር ምት አንዱን አገባ ነበር። ዘንድሮ በ12 ጨዋታ 45 ጊዜ መትቼ 2 ብቻ አገባሁ። ስቲኬን ልቀይር? አያያዜንስ? ጓደኞቼ ችሎታሽ ጠፋ ይሉኛል።

ተጨነቀች

መልስ

ከአሥር አንዱን የምታገቢ ከሆንሽ በ45 ምት 4 ወይም 5 ግብ ይጠበቅብሽ ነበር። ነገር ግን ልክ እንዳንቺ ያለች ተጫዋች በ45 ምት 2 ወይም ከዚያ በታች የምታገባበት አጋጣሚ ከስድስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል። በአንድ ቡድን ውስጥ ስድስት አጥቂዎች ካሉ፣ ምንም ጥፋት ሳይኖርባት አንዷ እንዲህ ያለ ጊዜ ብታሳልፍ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ላይ በጨዋታ 4 ጊዜ ገደማ መምታትሽ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ችሎታዋ የጠፋ አጥቂ መጀመሪያ የሚጠፋባት የመምታት ዕድሉ ነው።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። የሜዳውን ግማሽ በወረቀት ላይ ሥይና ዘንድሮ የመታሽባቸውን ቦታዎች የምታስታውሺውን ያህል ምልክት አድርጊባቸው። ነጥቦቹ እንደ አምናው ከግቡ ፊት ለፊት ከተሰበሰቡ ታገሺ። ወደ ግድግዳው ወጥተው ከተበተኑ ግን ጉዳዩ የዕድል ማጣት ብቻ አይደለም፤ ተከላካዮች ወደ ዳር እየገፉሽ ነውና ከአሰልጣኝሽ ጋር ወደ መሀል የምትገቢበትን መንገድ ተነጋገሩ። ስቲክሽንና አያያዝሽን በዚህ ጊዜ አትንኪ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ከቀየርሽ በኋላ የሚመጣው ግብ ከየትኛው እንደመጣ ልታውቂ አትችዪም።

ጥያቄ

ልጄ ስቲኩን በቀኝ እጅ አመታት የሚይዝ አጥቂ ነው። አሰልጣኙ ግን በግራ መስመር ያጫውተዋል። ይህ ግብ የማግባት ዕድሉን አይቀንስበትም?

እናት

መልስ

አብዛኛውን ጊዜ ይጨምርለታል። በቀኝ የሚመታ አጥቂ በግራ መስመር ሲሆን የስቲኩ ምላስ (ፓኩን የሚመታው ጠፍጣፋ ጫፍ) ወደ ሜዳው መሀል ይዞርለታል፤ በመሆኑም ግቡን በሰፊው ያየዋል፤ ከቀኝ የሚሻገርለትንም ፓክ ወደ ጎኑ ሳይጎትት በአንድ ንክኪ ሊመታው ይችላል። ከላይ የጠቀስነው ኦቬችኪን በቀኝ የሚመታ የግራ መስመር አጥቂ ነው። የሚከፈለው ዋጋ በራሳቸው ሜዳ ላይ ይታያል፦ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ፓክ በስቲኩ ጀርባ መቀበልና በዚያው ማውጣት ይኖርበታል፤ ይህንን ያልለመደ ልጅ ብዙ ፓክ ያስነጥቃል፤ አሰልጣኙም በዚህ ምክንያት የመጫወቻ ጊዜውን ሊቀንስበት ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ ተጨማሪ የልምምድ ጊዜ ካለው በግድግዳው ጥግ በስቲክ ጀርባ መቀበልን ይለማመድ።